የተንቀጠቀጠው እጄ አልነበረም

ባለፈው ሰሞን ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስመለስ ሹፌሩ ሽበቴን አይቶ ጋቢና አስቀመጠኝ። ሐሙሲትን አልፈን ወደ ጉማራ ድልድይ ስንቃረብ ከብት መንገዱን ዘግቶት ነበርና ፍሬን ያዘ። ያን ጊዜ መሪው በእጁ ውስጥ ግራና ቀኝ ይርገፈገፍ ጀመር። ፍሬኑን ሲለቅ ጸጥ አለ። እንደገና ሲይዝ እንደገና ተርገፈገፈ። ወዲያው በመስኮቱ በኩል የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ገባ። ሌላው ተሳፋሪ አፍንጫውን ሲይዝ እኔ ሳላስበው በረጅሙ ሳብኩት። «ልጄ፣ መሪህ የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ስትይዝ ብቻ ነው ወይስ ዝም ብለህ ስትነዳም?» ብዬ ስጠይቀው፣ «መንገዱ ነው እማማ፤ አስፋልቱ ተበላሽቷል» አለኝ። አስፋልቱ ለጥ ያለ ነው። አልፈረድኩበትም። ነጠላ ለብሳ ጋቢና የተቀመጠች አሮጊት ስለ ፍሬን ታውቃለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? ደግሞ ሰው ሲቸገር መጀመሪያ የሚወቅሰው አፍ የሌለውን ነገር ነው። በእኔ ጊዜ ግን መንገዱ ጠጠር የፈሰሰበት ፒስታ ነበር፤ እሱን የወቀሰ ሰው አልነበረም። የተወቀስኩት እኔ ነኝ።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ ቁጥር ላይ ድሮም ደካማ ነኝ። መንግሥት ሲቀየር ካየነው ብዙም ያልራቀ፣ ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት፣ ወረታ ከመገንጠያዋ ወዲህና ወዲያ በአንድ ጩኸት የምትዳረስበት ጊዜ ነው በሉት። ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ ጥግ ላይ ካሴት የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነበር። የሱቁ ቴፕ ክሩ የላላ ስለነበር ዘፋኙ ሁሉ የሚያለቅስ ይመስል ነበር፤ እኛም ለቅሶ እንደ ዜማ ለምደነው፣ ባሕር ዳር ሄደን ያንኑ ዘፈን በደህና ቴፕ ስንሰማ አይጥመንም። እኛ ሴቶቹ የናይለን ሻሽ እናስር ነበር፤ ቀዩ ሻሽ ለገበያ፣ ነጩ ለቤተ ክርስቲያን። ወንዱ ኮንጎ ጫማውን በጭቃ ጊዜ አውልቆ በእጁ ይይዛል፣ እግሩ ይታጠባል ጫማው ግን አይታጠብም እያለ። ሩዝ ገና መልመዳችን ነበር። ከጤፍ ጋር ቀላቅለን ስንጋግረው የደጋ ሰዎች «የፎገራ ሰው ውሃ ይዘራል፣ ውሃ ያጭዳል» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ዛሬ እነሱም ያለ ሩዝ አይውሉም።

ባሌ አስማረ ፒክ አፕ የገዛው ያኔ ነው። የራሱንም የወንድሙንም በሬ ሸጦ፣ ከዘመድ ሰብስቦ ነው የገዛት፤ ስለዚህ መኪናዋ የሁሉም ነበረች፣ እንደ ሰርግ ድንኳን። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። በበጋ፣ ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ፣ ያ ማለቂያ የሌለው ፎገራ ይደርቅና የሚመታ ነገር ከከብት በቀር አይኖርም። «ከብቱ ራሱ ያመልጥሻል፣ አትፍሪ፤ አንቺ ብቻ ቀጥ በይ» ይለኝ ነበር። ሰው ምን ይላል ስለው፣ «ሰው የሚለው አያልቅበትም» ይላል። ይህን ያህል ብቻ ነው ያስተማረኝ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ወባ ጣለውና በጥቂት ቀን ውስጥ ጥሎኝ ሄደ። ሁለት ሴት ልጆች፣ አንድ ፒክ አፕ፣ ጥቁር ቀሚስ። አርባው ከወጣ በኋላ ጥቁሩን እንደለበስኩ ቁልፉን አንስቼ ወጣሁ። መገንጠያው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ቆሞ አየኝ። ዛሬ ሴት ሹፌር አይቶ የሚቆም ሰው የለም፤ ያኔ ግን ፀጉር ቆራጩ ሳይቀር የደንበኛውን ራስ ግማሽ አድርሶ ወጥቶ ነበር። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እጄ ግን አልተንቀጠቀጠም። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

ሥራው ቀላል ነበር ማለት ይቻላል፤ ከወረታ ሩዝ ጭኖ ወደ ታቦር መውጣት፣ ከታቦር ድንች ጭኖ መውረድ። ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን መንገድ ለመንገድ መዋሏ ነውር ነውና ዋርሳዬ፣ የአስማረ ታላቅ ወንድም አያ ምህረቴ፣ በገበያ ቀን አብረውኝ ይወጡ ጀመር። እርሻቸው ከታች ከጣና ዳር ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከሰው ይልቅ ከበቅሎ ጋር የሚግባቡ ሰው ነበሩ። መንዳት አይችሉም፤ ግን ቁልቁለቱን ጨርሰን ወረታ መግቢያ ላይ ካለችው ወንዝ ስንደርስ «አቁሚ» ይላሉ። ያኔ ከደጋ የወረደ መኪና ሁሉ አቧራውን ይዞ ከተማ አይገባም ነበር። ሹፌሩ የፊት ጎማውን ወንዙ ውስጥ አስገብቶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በባልዲ እየቀዳ ያጥባል። ያልታጠበ መኪና ይዞ መግባት ኮርቻ የሌለው በቅሎ ይዞ ሰርግ እንደመሄድ ነው። አያ ምህረቴ ግን ከሁሉም ይለያሉ። ጎማውን፣ ቸርኬውን፣ ከጎማው በስተ ጀርባ እጅ የማይደርስበትን ሳይቀር ያጥባሉ። «የወንድሜ መኪና ቆሽሾ አይታይም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣቸውም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ይመስለኛል መሪው መንቀጥቀጥ የጀመረው። የዓለም ሳጋን ቁልቁለት ድንች ጭነን ስንወርድ ፍሬን ስይዝ በእጄ ውስጥ ነዘር አለ። በሳምንቱ ባሰ። ቀጥሎ መሪው እንደ ወንፊት ይነፋ ጀመር። አያ ምህረቴ ከጎኔ ሆነው እጄን እጄን ያያሉ። አንድ ቀን ዓለም በር ላይ ሻይ ስንጠጣ ብርጭቆውን አስቀመጡና በስሜ ጠርተው፣

«ጥሩ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ።

«እጄ አይደለም አያ፣ መሪው ነው።»

«ሐዘን እጅ ይፈታል። አይፈረድብሽም። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ነውና፣ ከዘመድ ጋር ተመካክረናል፤ የሙት ዓመቱ ሲወጣ መኪናዋ ትሸጥ። አንቺም ከነልጆችሽ ባላገር ትገቢያለሽ፤ መሬት አለ፣ እኛ አለን።»

ክፋት አልነበረውም፤ የከበደኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ ተጣልቼ እገላገል ነበር። ልጆቼ ግን ወረታ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ታላቂቱ ማንበብ ጀምራ የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ በመንገድ ላይ እየጮኸች ታነብ ነበር። ባላገር ገባሁ ማለት እሷን ከዚያ ሰሌዳ ነጠልኳት ማለት ነው። «እስከ ሙት ዓመቱ ነው ያሉኝ?» አልኳቸው። «እስከ ሙት ዓመቱ» አሉ። «ደግ» አልኩ። ደግ ያልኩት ግን እሺ ማለቴ አልነበረም።

በማግስቱ ይማም ዘንድ ሄድኩ። ይማም ከአንድ ዋርካ ሥር ጉቶ ላይ ብረት የሚያስነክስበትን ሞርሳ ቸንክሮ ጋራዥ ነው የሚል መካኒክ ነበር። ሳቂታ ነው፤ ሲሳሳትም ይስቃል። በመጀመሪያ «ጎማ ነው» አለ። የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወርን፤ ያው ነው። «እንግዲያ ቴስቲና ነው» አለ፤ ከመሪው እስከ ጎማው ያለው መገጣጠሚያ ማለቱ ነው። እውነትም አንዱ ላልቶ ነበርና ቀየርነው። ሁለት ገበያ ያህል የተሻለው መሰለን፤ ከዚያ ተመለሰ። ይማም እየሳቀ ራሱን አከከ። እኔ ግን ቤት ገብቼ ሳስበው ነገሩ ገረመኝ፤ ሁለታችንም ገንዘብ እያወጣን እንገምት ነበር እንጂ አንጠይቅም ነበር። ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ። ዝም ብዬ ስነዳ ይንቀጠቀጣል? የለም። ፍሬን ስይዝ ብቻ? አዎ። መቀመጫዬ ይነዘረኛል ወይስ መሪው ነው? መሪው ነው። ለጥ ባለው መንገድ ላይ በዝግታ እየነዳሁ የእጅ ፍሬኑን ብቻ ቀስ አድርጌ ሳብኩ፤ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ነውና። ምንም የለም። እንግዲህ ሕመሙ ከፊት ነው፤ ከፊትም ከፍሬኑ ነው። ሐኪም ቤት ሄዶ «ሁሉ አካላቴን ያመኛል» ከማለት «እዚህ ጋ ያመኛል» ማለት ይሻላል።

አያ ምህረቴንም አልተውኳቸውም። አንድ ጠዋት ወደ ይፋግ በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ሰውም ከብትም በሌለበት፣ «አሁን መሪውን ይመልከቱ» ብዬ ሁለት እጄን አንስቼ ነጠላዬ ላይ አስቀመጥኩና ፍሬን ያዝኩ። ማንም ያልነካው መሪ በራሱ ግራና ቀኝ ይርገፈገፍ ገባ። «እጄ የት አለ አያ?» አልኳቸው። በስመአብ ብለው የበሩን መያዣ ጨበጡ። ከቆምን በኋላ ትንሽ አሰቡና፣ «እሱስ ይብሳል። እንግዲያ ችግሩ የመኪናዋ ከሆነ ሳትሞት ትሸጥ» አሉ። ልሳቅ ላልቅስ? እጄ ነጻ ወጣ፤ መኪናዋ ተፈረደባት።

ይማም የፊቱን በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን አወጣ። ከጎማው ኋላ ሸራው የሚነክሰው ክብ ብረት፣ ዲስኩ፣ ለዓይን ምንም የለበትም፤ ያብለጨልጫል። ከልጄ ጠመኔ ወስጄ መጥቼ ነበር። በሽቦ አስረን፣ ዲስኩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አቆምነውና በእጃችን ቀስ እያደረግን አዞርነው። አንድ ዙር ሲጨርስ ነጩ ምልክት በግማሹ ላይ ብቻ ነበር፤ ግማሹን ጠመኔው ሳይነካው አለፈ። ዲስኩ ተጣሟል ማለት ነው። በዓይን የማይታይ ጠማማነት፣ ሸራው ሲነክሰው በእያንዳንዱ ዙር እየገፋ መሪውን ያወዛውዘዋል። ይማም ያን ጊዜ አልሳቀም። «እታለም፣ አገኘነው!» ብሎ በቅባት እጁ ልጨብጥሽ አለኝ፤ እኔም ከነጥቁር ቀሚሴ ጨበጥኩት። ሁለቱን ዲስክ በጆንያ ጠቅልለን ባሕር ዳር ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ወሰድናቸው፤ ተላጉ። ሲገጥም ዲስኩ የሚያርፍበትን ዝገት በብረት ብሩሽ እስኪነጣ ፈገፈገው። የጎማውን ዳዶ ሲያጠብቅም አንዱን ካጠበቀ በኋላ ጎረቤቱን ሳይሆን ትይዩውን ነው የሚያጠብቀው፤ ባንድ ወገን ከጠበቀ ያው ይጣመማል ብሎ። እኔም ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ያየሁትን ደግሞ አልረሳም።

ቁልቁለቱን በመጀመሪያው ቀን ስወርድ መሪው ጭጭ አለ። ጋቢና ብቻዬን ነበርኩ፤ አያ ምህረቴ ጓያ ሊያጭዱ ባላገር ወርደው ነበርና ጎረቤቴን ይዤ ነበር የምወጣው። እሷ ድንቹ ላይ ተኝታ ስለምትወርድ ዘፈን ዘፈንኩ፤ ሐዘንተኛ መሆኔን ረስቼ። ወር ያህል እንዲህ ሰነበትን። ከዚያ አያ ምህረቴ ተመለሱ፤ ጥቂት ገበያ አብረን ወጥተን ወረድን፤ መሪው እንደገና ነዘር አለ። ይማም ጠመኔውን አይቶ፣ «ወላሂ እታለም፣ አሁንስ እኔንም ግራ ገባኝ» አለ። ቀጥሎም ዲስኩን በጣቱ ለክቶ፣ «ሳስቷል። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚላገው። ከዚያ ወዲያ ይሰነጠቃል፤ አዲሱ ደግሞ እዚህ አገር የለም» አለኝ።

እንግዲህ ማቃናቱ ብቻ አልጠቀመም፤ የሚያጣምመውን ማግኘት ነበረብኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔም ከአንጀቴ ነበር የፈለግኩት። ጭነት አሳነስኩ፤ ያው ነው። በከባድ ማርሽ ወረድኩ፤ ትንሽ ረዳ፣ ግን ያው ነው። በሚቀጥለው ገበያ ወንዟ ጋ ስንደርስ እንደ ልማዳችን የፊት ጎማውን ውሃው ውስጥ አስገባሁ። ሞተሩን ሳጠፋ ከጎማው በኩል ጢስ የመሰለ እንፋሎት ተነሳ፤ «ቸስስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይህን ድምፅ ሁልጊዜ እሰማው ነበር፤ ልብ ብዬ ሰምቼው ግን አላውቅም። አንጥረኛ የጋለ ማጭድ ውሃ ውስጥ ሲነክር የሚሰማው ድምፅ ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት ድንች ተሸክሞ የወረደ፣ ፍም የሆነ ብረት፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ አየር ላይ። ሳይጣመም ቢቀር ነው የሚገርመው! አያ ምህረቴ በሌሉበት ወር ደህና የሰነበተው ለካ ወንዝ ሳልገባ ቤት አድርሼ፣ ወደ ማታ ከበረደ በኋላ ስለማጥበው ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ዞር ብዬ አያ ምህረቴን አየኋቸው፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ እንደ ሕፃን እግር ጎማውን በመዳፋቸው ያሻሉ። መኪናዬን የሚያበላሹት በፍቅር ነው። እንዴት ነው የሚነገረው? ዛሬ ነገ እያልኩ ጥቂት ቀን ቆየሁ። ዝም ብል ግን ዲስኩ ሊያልቅ፣ ሙት ዓመቱም ሊደርስ ነው። ይማም ለመጨረሻ ጊዜ አስልጎ ገጠመልኝ። ግንቦት ላይ ነው፤ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ከአያ ምህረቴ ጋር ድንች ጭነን ወረድን። መሪው ጭጭ እንዳለ ነው። ወንዟ አጠገብ ስንደርስ፣

«አቁሚ» አሉ።

አቆምኩ። ውሃው ውስጥ ሳይሆን ከዛፉ ጥላ ሥር አቆምኩ። ባልዲውን ይዘው ሲወርዱ ቀድሜ ወርጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«አያ፣ አይሆንም።»

«ምኑ?»

«በቅሎዎን አቀበት አውጥተው ላቧ ሳይደርቅ ውሃ ይሰጧታል?»

«ምን ነክቶሽ! ትሞትብኛለች እንጂ።»

«እሷም እንደዚያው ናት። ግላለች። ስናጥባት ነው የምትጣመመው። መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ይሄው ነው።»

ባልዲውን እንደያዙ ቆሙ። ወደ ጎማው ጠጋ ብለው እጃቸውን አስጠጉና ፈጥነው መለሱት። አልተቆጡም፤ አልተከራከሩም። ፊታቸው ግን ወረደ። ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እኔም ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ብረቱ ሲበርድ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሌላ መኪና መጥቶ ወንዙ ውስጥ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ሄደ። እሳቸው ያን ያህል ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የሚሠሩት ነገር አያጡም ነበር። እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተው ጉልበታቸውን ይዳስሳሉ። ወደ ወንዙ እያዩ፣

«እኔ እኮ አላጠብኩትም» አሉ።

መጀመሪያ ስለ መኪናው መሰለኝ።

«ሌላ ሰው ነው ያጠበው። ሌላ ሰው ነው የገነዘው። ታላቁ እያለሁ። ውሃው ሜዳውን ሞልቶ፣ ታንኳ አጥቼ፣ ማዶ ሆኜ ለቅሶውን እሰማለሁ።»

እውነት ነው። አስማረ ሲቀበር ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ነበር፤ አያ ምህረቴ የደረሱት ሰልስቱ ላይ ነው። ያን ጊዜ አንዲት እንባ አላፈሰሱም፤ ሰው ሁሉ «ጠንካራ ሰው» ብሎ አደነቃቸው። አሁን ግን ያ ረጅም ሰው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው፣ በቀን በብርሃን፣ መንገደኛ እያየ፣ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ አለቀሱ። ላባብላቸው ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት። ያላለቀሰን ሰው ዝም በል ማለት ግፍ ነው። ይልቅ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ሰው ሲያየኝ ሳይሆን ሲከፋኝ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

ሲበቃቸው ፊታቸውን አበሱና፣ «መች ትበርዳለች?» አሉ።

«እጅዎን ሲያስጠጉ ካላቃጠለዎ በርዳለች።»

«እንግዲያ እንቆያለን» አሉ።

ቆየን። ፀሐይዋ ወደ ጣና ማዘቅዘቅ ስትጀምር ተነስተው እጃቸውን ጎማው ላይ አሳረፉና ባልዲውን ሰጡኝ። እኔ ቀዳሁ፣ እሳቸው አጠቡ፤ ቀስ ብለው፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ምንም ሳይቀር። የሚያልፉት ሹፌሮች «መሸባችሁ እኮ!» እያሉ ጮኹብን።

ሙት ዓመቱ በክረምት ዋለ። ዘመድ ከየአቅጣጫው፣ ገሚሱ በታንኳ፣ ተሰበሰበ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ካህናቱም ጸሎታቸውን አድርሰው ሄዱ። ከዚያ አንዱ አጎት ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንግዲህ የመኪናዋን ሽያጭ ነገር...» ብሎ ጀመረ። የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠመኔውን፣ ማጭዱን፣ ልጆቼን። አፌን ሳልከፍት አያ ምህረቴ ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

«የምን ሽያጭ?» አሉ። «ነገ ወደ ታቦር ትወጣለች እኮ።»